በወረቀት የማይመለስ ጠመንጃ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ማርች 16 ቀን 2008

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ከደብረ ማርቆስ ይድረስዎ። እርስዎስ፣ ዐይንዎስ፣ የስፌት መኪናዎስ ደህና ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ሐሴት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ግን ትመልሳለች። እርስዎ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ከአባቴ ወገን የቀሩኝ አንድ ሰው ሆነው ሳለ ስድስት ዓመት ሳልጽፍ ቀረሁ። ሰበብ አልደረድርም።

ሥራዬ ያው ነው። አሮጌ ዕቃ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ፤ ሰዓት፣ ካሜራ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ፈቃድ አውጥቼ አሮጌ የአደን ጠመንጃም ጨምሬአለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወዳጆቼ «ገላው ወንዝ ተሻግሮ ሸፈተ» ይሉኛል።

የምጽፍልዎት በዚሁ ጠመንጃ ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቻንቲሊ በሚባል ቦታ ትልቅ የጠመንጃ ገበያ ነበር። ናቲ የሚባል፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ ዕቃ ሊያግዘኝ አብሮኝ ሄደ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ተደርድረዋል። አዲስ ይሁኑ እንጂ መልካቸው የጥንት ነው። ሚስተር ሌን የሚባል ሰውዬ ከሰባ ዓመት በፊት ሥራ ያቆመ የአንድ አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪን ስም ገዝቶ፣ ያንኑ ዓይነት እንደገና እየሠራ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሌሎችም አሉ። ብረቱን በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይቆርጡታል፣ እንጨቱንና ቅርጻ ቅርጹን ግን በእጅ ይጨርሱታል። አንዱን አንሥቼ ወገቡን ሰበር አድርጌ መለስኩት። ሲዘጋ ያወጣውን ድምፅ ሰምቼ ቆሜ ቀረሁ። ናቲ፣ «ጋሽ ገላው፣ አር ዩ ኦኬ? ገዙት ወይስ አስቀመጡት?» አለኝ።

ያ ድምፅ የአባቴ ጠመንጃ ድምፅ ነው። የዓባይን ተፋሰስ ሊያጠኑ ከመጡት አሜሪካኖች አንዱ ሲሄድ የሰጠው፣ እሑድ እሑድ ቆቅ የሚያድንበት። እኔ ቆቆቹን ተሸክሜ ከኋላው እሄድ ነበር።

ለሚስተር ሌን ነገርኩት። ዐይኑ ፈጠጠ። የዚያ ሠሪ ትንሹ ዓይነት፣ አፈሙዙ ጠበብ ያለው ባለ ሃያ ቁጥሩ፣ የተሠራው ጥቂት ነው፤ የጥንቱ ንድፍ በእሳት ጠፍቶበታል፤ ልኩን የሚወስድበት ዋናውን እየፈለገ ነው። ካገኘሁለት እሱ የሚሠራውን እዚህ አካባቢ የምሸጠው እኔ ብቻ እሆናለሁ።

አባቴ በዚያ ጠመንጃ ምክንያት ታስሮ እስር ቤት እንደሞተ አውቃለሁ። ጠመንጃው የት እንደገባ ግን የነገረኝ የለም። እርስዎ ያውቃሉ?

ልጅዎ ገላው ጸጋዬ


ደብረ ማርቆስ
ሚያዝያ 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው፣

ካለህበት አገር የማርቆስ አምላክ በጥላው ያኑርህ። ሐሴትን ሳምልኝ፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን መመለሷ መልካም ነው፣ የእኔዎቹ በምንም አይመልሱም። እኔ በሰባ ስድስት ዓመቴ ሱሪ እቆርጣለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ ግን ሰው ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸጋዬ ቆቅ ሲመታ አያይም ነበር፣ ይሰማ ነበር እንጂ፤ አንተም የወረስከው ጆሮውን ነው። ስለ ጠመንጃው የጠየቅኸኝ፣ ያን ጊዜ የሁሉም መሣሪያ ሄዷል። ስንቱ ሄደ። ያለፈ ነገር ነው።

ከተቻለህ የማይደርቅ፣ ሙጫ የማይሆን፣ ዝገት የሚከለክል ቀጭን ዘይት ላክልኝ። ለስፌት መኪናዬ ነው። እዚህ የሚሸጠው ያጣብቃል።

አበጀ


ከገላው ማስታወሻ ደብተር፣ ሜይ 11

የጋሼ አበጀ ደብዳቤ መጣ። «የሁሉም ሄዷል» ይላል። የአባቴ ሄደ አይልም። ሰው መዋሸት ሳይፈልግ ሲቀር የሚጽፈው እንዲህ ነው። ዘይቱን መላክ፤ ሁለት ጠርሙስ።


አሌክሳንድሪያ
ጁን 2 ቀን 2008

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው በአክብሮት ይድረስዎ። ዘይቱን ለበዓል በምትመጣ የሰፈራችን ሴት እጅ ልኬአለሁ። ለስፌት መኪናም ይሆናል።

ጠመንጃው ከሄደ ሄዷል። ነገር ግን ሚስተር ሌን የሚያስታውሰው ሰው ካለ ትዝታም ይጠቅመኛል ይላል። እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት፤ የሰውን ትከሻ አንዴ አይተው ኮት የሚቆርጡ። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ስንት ይሆን ነበር? በጎንና በጎኑ ላይስ የተቀረጸው ምን ነበር? በግምት ቢሆንም ይጻፉልኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ለራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ። የአባቴን ፊት እያሰብኩ ስፈልገው ብዙ ጊዜ ይጠፋብኛል፤ እጁ ግን ጠመንጃው ላይ ሆኖ ይታየኛል።

ልጅዎ ገላው


ደብረ ማርቆስ
ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው፣

የጥምቀት በረከት ይድረስህ። ዘግይቻለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ደብዳቤህ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ክር ላወጣ በከፈትሁ ቁጥር አየው ነበር።

የማስታውሰውን ልንገርህ። ከፊተኛው ቃታ እስከ ሰደፉ ጫፍ ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር ከስድስት ሚሊሜትር ነው። አፈሙዙ ስድሳ ስድስት ሳንቲሜትር። በግራ ጎኑ አፍንጫውን ያሾለ ውሻ አለ፤ በቀኙ ሁለት ወፎች ሲነሡ። ሰደፉ ከታች በኩል እንጨቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጭረት አለችበት፤ ጸጋዬ ከበቅሎ ሲወርድ ድንጋይ ያስነካት ናት።

ዘይቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደግ ዘይት ነው። አልቋል። ሌላ ካለ።

አበጀ


ከገላው ማስታወሻ ደብተር፣ ፌብሩዋሪ 8

ሠላሳ አምስት ከስድስት ሚሊሜትር። ኢንች አድርጌ ሳሰላው ልክ አሥራ አራት። የጥንቱ ሠሪ መደበኛ ልክ። ጋሼ አበጀ ኢንች አያውቅም፤ የያዘው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ትዝታ ስንዝር ያውቃል፣ ክንድ ያውቃል። ሚሊሜትር አያውቅም።

የስፌት መኪና ደግሞ ሁለት ጠርሙስ አይጠጣም።

ሐሴት ደብዳቤውን አይታ፣ «ዳዲ፣ ሂ ሃዝ ኢት። ጀስት አስክ ሂም» አለችኝ። ሚስተር ሌን ስልክ ደወለ፤ ልኩን በቃሌ ነገርኩት። ጽፎ ሲጨርስ «ፎቶ» አለ።


አሌክሳንድሪያ
ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘይቱ አብሮ ተልኳል።

በቀጥታ ልጻፍ። ጠመንጃው እርስዎ ጋ ነው። የነገረኝ የልብስ ሰፊ ሜትርዎ ነው፤ ሰው በትዝታው ስድስት ሚሊሜትር አይጨምርም። እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ስለ ትናንትም ማንንም አልከስም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ አንድ የሚያምኑት ሰው ፎቶ ያንሣው። ከፈለጉ ከፎቶው በኋላ ጠመንጃውን ለሕጉ ያስመዝግቡ፣ ወይም ለማን መስጠት እንዳለብዎ ልጻፍልዎ፣ ልፈርምልዎ። እኔ የጸጋዬ ልጅ ነኝ፤ ፊርማዬ ይበቃል።

ልጅዎ ገላው


ደብረ ማርቆስ
ሚያዝያ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለገላው፣

እግዚአብሔር በቅንነት ያሰንብትህ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቻለሁ። ሰዉ የታመምሁ መስሎት ሊጠይቀኝ መጥቷል።

አለ። እኔ ጋ ነው።

በ1967 ሚያዝያ፣ መሣሪያ የሚሰበስቡት ሳይደርሱ፣ ጸጋዬ ጠቅልሎ ይዞት ሱቄ ገባ። «አበጀ፣ አደራ» አለኝ። «ይሁን» አልሁት። «እንዲህ አይደለም፤ ማል። እኔ በአካል መጥቼ ካልጠየቅሁህ፣ ወንድሙ ነኝ የሚል ቢመጣ፣ በእኔ ስም ወረቀት ቢመጣ፣ ለማንም አትስጥ። ሊያስገድዱኝ ይችላሉ፤ ገርፈው ያስጽፉኛል። አካሌን ካላየህ አትመን።» በማርቆስ ታቦት ማልሁ። ሻይ ጠጣን። ስለ ቆቅ አወራን። ሄደ።

ጠመንጃው በአውራጃው መዝገብ በስሙ ተጽፎ ስለነበር በነሐሴ አሰሩት። «አምጣ» አሉት፣ «የለኝም» አለ። በጥቅምት ስንቅ የምታመላልስለት እናትህ እታለማሁ ወደ ሱቄ መጣች። ከአገልግሉ ክዳን ሥር ወረቀት አወጣች። «አበጀ፣ ያን ዕቃ ለእታለማሁ ስጣት። ላስረክበውና ልውጣ። ጸጋዬ» ይላል።

«ዕቃ የለኝም» አልኋት።

«እጁ ነው እኮ! ጽሕፈቱን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወረቀት ቢመጣ አትስጥ ያለኝ ራሱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቅማል እየጨረሰው ነው፣ በቁሙ እየተቀበረ ነው!» ብላ አገልግሉን መሬት ላይ መታችው። አልሰጠሁም። በሦስተኛው ሳምንት ተስቦ ወሰደው።

ብሰጣት ይፈቱት ነበር? አላውቅም። አስረክበው የተፈቱ አሉ፤ አስረክበውም ያልወጡ አሉ። ይህንን እያሰብሁ ስንት ልብስ ሰፋሁ። እታለማሁ እስክትሞት ሰላም አላለችኝም፤ ላንተም አልነገረችህም፣ ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ብትነግርህ ኖሮ አትጽፍልኝም ነበር።

አሁን አንተ ፊርማዬ ይበቃል ትላለህ። አይበቃም፣ ልጄ። ፎቶም አላስነሣም። ዛሬ በአንተ ወረቀት ብሰጥ፣ ያኔ በእሱ ወረቀት ያልሰጠሁት ለምንድን ነው? ያኔ ወረቀቱን እንቢ ማለቴ ትክክል ከነበረ ዛሬም ትክክል ነው። ትክክል ካልነበረ ደግሞ ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ። በአካል ና። የእሱ አካል የቀረው ባንተ ነው።

ሰባ ሰባት ሞልቶኛል። እኔ ከሞትሁ ልጆቼ ከጣራው ሥር ሲያገኙት የማን እንደሆነ አያውቁም።

አበጀ


ከገላው ማስታወሻ ደብተር፣ ሜይ 17

አነበብኩት። ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሰዓትና አንድ ካሜራ ሸጥኩ። ከዚያ ዘጋሁና መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ።



ጁን 28

ናቲ የሰፈሩን ወሬ ሊያወራኝ ሱቅ መጣና ነገሩን ነገርኩት። ስጨርስ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «ወረቀት ቢመጣ አትስጥ ብሎ አስምሎት፣ ወረቀት ላከበት?» አለ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ የተሳሳተው ማነው?» አለኝ።

ነጋዴ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ውል ስጽፍ ኖሬአለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ውል ማንም ቢጠይቀኝ አልፈርምለትም። አባቴ ግን አስማለው፤ በራሱ ላይ በር ዘጋ። ቁልፉን የሰጠው ደግሞ ቃሉን ለማያጥፍ ሰው ነው። ጋሼ አበጀ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አባቴ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ አባቴ አደራውን አይሰጠውም ነበር።


አሌክሳንድሪያ
ኦገስት 9 ቀን 2009

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣

በጤናዎ ይቆዩኝ። ሦስት ወር ሳልጽፍ መቆየቴ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልሸፋፍነውም። ተቆጥቼ ነበር። አሁን አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም።

ሚስተር ሌንን ለጊዜው እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። «ጠመንጃው አንድ ሰው ካልሄደለት አይወጣም» አልኩት። «ላይሰንስ ነው?» አለኝ። «እንደዚያ በለው» አልኩት።

በጥር ወር እመጣለሁ። በአካል። ከሄድኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፣ መንገድ ላይ ካገኙኝ ግን አያውቁኝም። ስለዚህ ሱቅዎ ይጠብቁኝ። እስክመጣ አይሙቱ።

ገላው ጸጋዬ እንግዳወርቅ


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው፣

በሰላም መግባትህን በስልክ ሰማሁ፤ መንገድህን የመራ አምላክ ይመስገን። ያየነውን ሁለታችንም አይተነዋል፤ እንደገና የምጽፈው አንተ የቸኮልህበትን ስላልቸኮልሁበት ነው።

ሱቄ በር ላይ ቆመህ «ጋሼ፣ መጣሁ» ስትል፣ ሱሪ እየቆረጥሁ ነበር፤ መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ቀረ። አላወቅሁህም ነበር። ድምፅህን ሰማሁና አወቅሁህ። አምጥቼ ሰጠሁህ። አንተ ወገቡን ሰብረህ ወደ መስኮቱ አዞርኸው፤ በአፈሙዙ ውስጥ አየህ። «ዝገት የለበትም» አልኸኝ። ሌላ አላልህም። እኔ ሌላ እንድትል ጠብቄ ነበር። ከዚያ ሜትሬን አውጥቼ በሙሉ ለካነው፣ አንተ ጻፍህ፣ ፎቶም አነሣህ። ያን ጊዜ ወዲያ ወዳንተ አገር ልትወስደው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ተቀብያለሁ፤ አደራዎ ተመልሷል» አልኸኝ። ወዲያው ደግሞ «አሁን አብረን እንሂድ» አልህ። «ወዴት?» ብልህ «ፖሊስ ጣቢያ።»

ጮህሁብህ። ይቅርታ አልጠይቅህም፣ መጮህ ነበረብኝ። «ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቅሁትን!» አልሁህ። አንተ እንደ አባትህ ድምፅህን ሳታነሣ፣ «የጠበቁት ለአባቴ ነው። አባቴ በመጨረሻ የለመነዎ ዕቃውን ስጥልኝ፣ ላስረክብ ብሎ ነው። እኔ በሱ ፈንታ ላስረክብ ነው» አልኸኝ። ሱቄን ዘጋሁና ተከተልሁህ።

ጣቢያው ውስጥ ያለውን ልጅ እግር ፖሊስ አስታወስኸው? «ባለቤቱ ማነው?» አለ።

«ጸጋዬ እንግዳወርቅ» አልህ።

«የት አሉ?»

«ሞተዋል።»

«አባቴ፣ የሞተ ሰው መሣሪያ አያስረክብም» ብሎ ሳቀ።

«የታሰሩት ባለማስረከባቸው ነው» አልኸው። «ስለዚህ ያስረክባሉ። መዝገቡ ላይ ስማቸውን ጻፍ።»

ልጁ አልጽፍም አለ፤ አንተም አልሄድም አልህ። ከዚያ ሽማግሌው ኮማንደር ከውስጥ ወጣ። ጠመንጃውን አነሣ፣ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ወደ አንተ ተመለከተ።  ልጁን ገፋ አድርጎ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈ። አስረካቢ፦ ጸጋዬ እንግዳወርቅ። አምጪ፦ አበጀ። እኔን አምጪ ብሎ አስፈረመኝ።

የርክክቡን ወረቀት ለእኔ ሰጠኸኝ። እኔ ደግሞ እታለማሁ ወደ ተቀበረችበት ወደ ማርቆስ ሄጄ አነበብሁላት። የሞተ ሰው ይሰማል አልልም። ግን ጮክ ብዬ ነው ያነበብሁት፤ ሰዎች ዞረው አይተውኛል።

አሁን በሰላም እተኛለሁ ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው። ግን ጣራውን ስመለከት ከሥሩ ምንም የለም።

አበጀ


አሌክሳንድሪያ
ኦክቶበር 17 ቀን 2010

ለተከበሩ ጋሼ አበጀ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቤትዎም የጤና ይሁንልዎ። የላክኩልዎ መነጽር ደርሶዎ ከሆነ በየትኛው ዐይን እንደሚሻል ይጻፉልኝ፤ ማስተካከል ይቻላል።

ሚስተር ሌን የመጀመሪያዎቹን ባለ ሃያ ቁጥሮች ጨርሷል። ሰደፉን የቆረጡት በእርስዎ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «በደብረ ማርቆስ የተወሰደ ልክ» ብሎ ጽፎታል፤ ደብረ ማርቆስ የጠመንጃ ፋብሪካ መስሎት ይሆን፣ አልጠየቅኩትም። ሁለቱ ወደ እኔ ሱቅ መጥተዋል።

ትናንት አንድ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር መጣ። ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ አያቱ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ነበረው፤ ሸጡት፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጨው ኖሯል። ከመደርደሪያው አንድ የጥንት አወጣሁለት፤ የሌላ ሠሪ፣ ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ። ከጎኑ አዲሱን አስቀመጥኩለት። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ሁለቱንም ወገባቸውን እየሰበረ ይዘጋል፤ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ሚስቱ «ሃምሳ ጊዜ ሰማኸው» አለችው።

«አንተ ብትሆን የቱን ትወስዳለህ?» አለኝ።

ነጋዴ ነኝ፤ ከጥንቱ የሚተርፈኝ ይበልጣል። ግን «አዲሱን ይውሰዱ» አልኩት።

«ለምን? የጥንቱ ዕውነተኛው ነው።»

«የጥንቱ ጠባቂ ይፈልጋል» አልኩት።

ሰውየው ገባኝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ዘይትና ስለ ዝገት የነገርኩት መሰለው። አዲሱን ይዞ ሄደ።

ልጅዎ ገላው